«ኮሎሲየም እስከቆመ ሮም ትቆማለች»፦ አባባሉ የተነገረው ለሕንጻው ነውን?

«ኮሎሲየም እስከቆመ ሮም ትቆማለች፤ ኮሎሲየም ሲወድቅ ሮም ትወድቃለች፤ ሮም ስትወድቅ ዓለምም ትወድቃለች።»

ይህ የላቲን አባባል የአገር ዕድሜ ከአንድ ሥራ ዕድሜ ጋር ተቆራኝቷል ለማለት ይነገራል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ባይረን እ.ኤ.አ. በ1818 በግጥሙ ሲያስገባው ያሰበው የፈራረሰውን የትርኢት ሕንጻ ነበር፤ አብዛኛው ሰው እስከ ዛሬ የሚረዳውም እንዲሁ ነው። አባባሉ የተነገረለት ግን ሕንጻው ሳይሆን በአጠገቡ የነበረ ግዙፍ ሐውልት ነው፤ መረሳቱም ያሳዝነኛል።

አባባሉ የተላለፈው በ8ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው መነኩሴ በቤዳ ስም ነው። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን አስጀምሮት ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 ያስመረቀው ሕንጻ የጥንት ስሙ የፍላቪያውያን አምፊቲያትር ነው፤ ኮሎሲየም የተባለው ከጊዜ በኋላ ነው። በአባባሉ ውስጥ ቃሉ በተባዕት ጾታ መግባቱም ለሐውልት እንጂ ለአምፊቲያትር አይስማማም።

ሐውልቱ የሮማው ንጉሠ ነገሥት የኔሮ ነበር፤ ቁመቱ ከ30 ሜትር የሚበልጥ ነሐስ። ግሪኮችና ሮማውያን እንዲህ ያለውን ግዙፍ ምስል «ኮሎሰስ» ይሉት ነበር፤ «ግዙፍ» ማለት የሆነው የላቲን ቅጽል «ኮሎሴውስ»ም ከዚሁ ወጣ። ኔሮ ሲሞት ቬስፓሲያን ምስሉን የፀሐይ አምላክ አደረገው። ሐድሪያን ቦታውን ለቤተ መቅደስ ሲፈልገው እንደቆመ በ24 ዝሆኖች አስጎትቶ ወደ አምፊቲያትሩ አስጠጋው። ኮሞደስ ደግሞ የሐውልቱን ራስ በገዛ ራሱ ምስል ተካው። ንጉሠ ነገሥታት ሲለዋወጡ ፊቱ ይለወጣል፣ ሐውልቱ ግን ይቆማል፤ ሮም ትቆማለች ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም ነበር።

የሐውልቱን መሠረት ቅሪት ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ሠራዊቱ አዲስ አበባን በያዘበት ዓመት፣ አስነሣው። ስፍራው ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ብዙ አይርቅም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው እዚያ ቅስት ሥር ነው።

ሐውልቱ ሲጠፋ ቅጽሉ ለጎረቤቱ ሕንጻ ቀረ፤ ትንቢቱም አብሮ ተዛወረ። ሕንጻውም ቢሆን ሙሉ ሆኖ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1349 የመሬት መንቀጥቀጥ የደቡቡን ጎን ጣለው፤ ሮማውያንም ድንጋዩን እያነሡ ለቤተ መንግሥቶቻቸውና ለአብያተ ክርስቲያናቸው መሥሪያ አደረጉት።