ጡረታ ከወጡ በኋላ ያለው የጤና መድን፦ አዲስ አበባ ላይ ምን አማራጭ አለ?

ጡረታ ሲወጣ የሚቋረጠው ደመወዝ ብቻ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ በቡድን የገባው የሕክምና መድን ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱም አብሮ ይቋረጣል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ታሞ ክሊኒክ ሲሄድ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዕድሜው 60 አልፏል፣ ግፊትና ስኳሩም ጀምሮታል።

መንግሥት ለዚህ ያሰበው ማኅበራዊ ጤና መድንን ነው። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደመወዝተኛውንም ጡረተኛውንም ያቅፋል። ኋላ የወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ግን ከአበሉ 1 በመቶ ብቻ እንዲያዋጣ ይላል። ለአዛውንት ትልቅ እፎይታ ይሆን ነበር። የሚጀመርበት ቀን ግን ደጋግሞ ተገፋ፤ ይህ በእውነት ያሳዝናል፣ እስከዚያ የታመመው ሁሉ ከኪሱ ነውና የከፈለው።

ሌላው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላ አዲስ አበባም ገብቷል። የታሰበው በዋናነት ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ ነው፤ ምዝገባው በወረዳ ስለሆነ አራት ኪሎም ፒያሳም ያላችሁ እዚያው ጠይቁ። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ዘውዲቱ ወይም የካቲት 12 መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስም አይሸፈንም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሰው ወደ ግል መድን ድርጅቶች ይሄዳል። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ድርጅቶቹ በብዛት የሚሸጡት ለመሥሪያ ቤት፣ በቡድን ነው፤ ለአንድ አዛውንት ብቻውን ሲሆን አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ክፍያ፣ ይወደዳል። ስለዚህ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ አስቀድማችሁ የዕድሜ ጣሪያውን ጠይቁ፣ ቀጥሎ ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ ይሸፈን እንደሆነ። የስኳር መድኃኒቱን በየወሩ የሚገዛ ሰው ተኝቶ ሕክምናን ብቻ የሚሸፍን ውል ቢገባ፣ ዋናው ወጪ እዚያው ኪሱ ላይ ይቀራል። ተመላላሽ ሕክምናና መድኃኒት መኖሩን፣ በዓመት እስከ ስንት ብር እንደሆነም በጽሑፍ እዩ። ወኪሉ በአፍ የነገራችሁ አይበቃም።

ዕድር በአብዛኛው ለቀብር ነው፤ ለታመመ አባል የሚረዳም ስላለ መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። ገና ጡረታ ያልወጣችሁ ደግሞ መሸኛችሁን ከመቀበላችሁ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን አንድ ነገር ጠይቁ፦ አረቦኑን ራሴ እየከፈልኩ በቡድን መድኑ መቀጠል እችላለሁ?