የሐረማያ ዳርቻ፦ የውሃ መጠን፣ የአየር ንብረት ለውጥና የረግረግ ዕፅዋት በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣና ወደ ሐረር ያቀና መንገደኛ ሐረር ከመድረሱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው የሐረማያን ሐይቅ ያገኛል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ዙሪያውን በእርሻና በጫት ማሳ የተከበበ፣ ውሃው ወደ ሌላ የሚፈስበት መውጫ የሌለው ገንዳ ነው። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ስለሆነ ስሙ ራሱ ውሃውን ይዞ ይዞራል፤ ውሃው ጠፍቶ በነበረባቸው ዓመታት እንኳ ስሙ ከቦታው አልተነሳም። በአቅራቢያው አደሌ፣ ጢኒቄና ፊንቂሌ የተባሉ ትናንሽ ሐይቆች ይገኛሉ። የእነዚህ ሁሉ ሐይቆች ዳርቻ፣ ማለትም ለዓመቱ ከፊል በውሃ የሚሸፈነውና ለቀሪው ጊዜ ርጥበት ይዞ የሚቆየው መሬት፣ የምሥራቁ ደጋ ረግረግ ነው።

ረግረግ የሚባለው መሬት ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ አረንጓዴ ይምሰል እንጂ ዕፅዋቱ በውሃው ጥልቀት መሠረት ቦታ ቦታቸውን የያዙ ናቸው። ውሃ ጎርፎ በሚሸሽበት ከፍ ባለው ዳርቻ ሣርና ቄጠማ ይበቅላሉ፤ ወረድ ሲሉ ግማሽ አካላቸውን ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን ከውሃ በላይ አድርገው የሚቆሙት ፊላና ሸንበቆ ይከተላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቅጠላቸው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍና ጨርሰው ሰምጠው የሚኖሩ ዝርያዎች አሉ። በበዓል ማለዳ ገበያ የሚሸጠውን ቄጠማ አንድ ዘንግ በሁለት ጣት መካከል ይዞ ያሽከረከረ ሰው ሦስት ማዕዘን እንዳለው ወዲያው ይሰማዋል፤ ይህ ከሣር የሚለይበት ምልክት ነው። የፊላን ቅጠል ደግሞ በቢላ አግድም ለቆረጠው እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈሉ ባዶ ክፍሎች ይታዩታል። ተክሉ አየርን ከቅጠሉ ተቀብሎ፣ ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ወደተቀበረው ሥሩ የሚያወርደው በእነዚህ ክፍሎች ነው። ውሃው ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ከቆየ ግን ይህ መተንፈሻ ይዘጋል፤ ፊላ ከ1 ሜትር ገደማ በላይ በሆነ ጥልቀት ለዓመታት ከተቀመጠ እየሳሳ ይሄድና ቦታውን ለግልጥ ውሃ ይለቃል።

ስለዚህ ለረግረግ ዕፅዋት ከውሃው ብዛት ይልቅ የውሃው የቀን መቁጠሪያ ይበልጥባቸዋል፤ መቼ ይሞላል፣ መቼ ይሸሻል፣ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው የሚወስነው። የብዙዎቹ የፊላና የቄጠማ ዝርያዎች ዘር ብርሃን ስለሚፈልግ በጥልቅ ውሃ ሥር አይበቅልም፤ ውሃው ሸሽቶ እርጥብ ጭቃ ሲገለጥ ግን በሳምንታት ውስጥ ምድሩን ያለብሰዋል። አንድ የፊላ ራስ ከ100,000 በላይ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ያልበቀለው ዘር ደግሞ ደለሉ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የረግረግ አጥኚዎች ይህን ክምችት የዘር ባንክ ይሉታል። በካናዳ ማኒቶባ ግዛት በዴልታ ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተካሄደው ሰፊ ሙከራ፣ ውሃን በማጉደልና በመሙላት፣ የድርቀት ዓመት ረግረግን የሚያድስ የተፈጥሮ ሥርዓት አካል መሆኑን በሚገባ አሳይቷል። በሐረርጌ ደጋ ይህን ሥርዓት ሲያስከብሩ የኖሩት ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናብና ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ናቸው፤ በሐረማያ በዓመት በአማካይ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል።

የሐረማያ ውሃ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 8 ሜትር ጥልቀት እንደነበረው ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ በ20 ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ እየሸሸ ሄዶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጨርሶ ደረቀ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ሲቀዝፉበት በኖረው ወለል ላይ ከብት ተሰማራበት። ምክንያቱን ለአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ማሸከም ትክክል አይመስለኝም። ሐረር ለአሥርት ዓመታት የመጠጥ ውሃዋን ከዚህ ሐይቅ ስትቀዳ ኖራለች፤ ዙሪያውን ያሉ ገበሬዎች ጫትና አትክልት ለማጠጣት የውሃ ሞተር ተክለዋል፤ ደን ከተራቆተበት ተዳፋት የወረደው ደለልም የሐይቁን ጥልቀት ቀንሶታል። ሙቀቱ ግን በዚህ ሁሉ ላይ ተጨማሪ ሸክም ነበር። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨምሯል፤ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ስለሚችል፣ መውጫ የሌለው ጥልቀት አልባ ሐይቅ ይህን ሒሳብ የሚከፍለው ከራሱ ገንዳ ነው። በልግ ሲቀር ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ በሚቀንስበት በዚያው ወቅት ገበሬው ሞተሩን ለረጅም ሰዓት ያስነሳልና።

በተፈጥሮ ድርቀትና በሞተር በመጣ ድርቀት መካከል ለዕፅዋቱ ትልቅ ልዩነት አለ። በመጀመሪያው ውሃው ቀስ ብሎ ይሸሻል፣ ጭቃው ይገለጣል፣ ዘሩ ይበቅላል፣ ዝናቡም ሲመለስ አዲሱን ቡቃያ ያገኘዋል። በሁለተኛው ውሃው ለተከታታይ ዓመታት ሳይመለስ ይቀርና መሬቱ ይታረሳል፤ የፊላው ሥር ይነቀላል፣ የዘር ባንኩም ወይ ይበሰብሳል ወይ ይቀበራል። ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ደለል እንኳ ከላዩ ሲያርፍበት የረግረግ ዘር አብዛኛው ሳይበቅል እንደሚቀር በሙከራ ታይቷል፤ ከሐረማያ ዙሪያ ኮረብታ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ የሚወርደው አፈር ከዚህ ምን ያህል እንደሚበልጥ ማሳው ዳር ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ባዶ የቀረውን መሬት ቀድመው የሚይዙት ደግሞ ርጥበት የማይሹ አረሞች ናቸው። ከእነዚህ የምሥራቁ ገበሬ አብዝቶ የሚያማርረው ፓርቴንየምን ነው፤ አረሙ ማሳን አስለቅቆ የሚያስፈርም በመሆኑ በሐረርጌ ፈረምሲሳ ይሉታል። ከስም አወጣጥ ሁሉ እንደዚህ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ብዙ አላየሁም።

የሐረር የመጠጥ ውሃ ከድሬዳዋ ወገን ካለው የድሬ ጃራ ከርሰ ምድር ውሃ ዳገቱን እየተገፋ መምጣት ከጀመረ በኋላ የሐይቁ ሸክም በከፊል ቀለለ። የተፋሰስ ሥራው ተጨምሮበት፣ ጥሩ ክረምቶችም ታክለው፣ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል፤ አእዋፍም እንዲሁ። ሐይቁ ተመለሰ ሲባል ሰው ዓይኑን የሚጥለው መሐል ላይ በሚያብረቀርቀው ውሃ ላይ ነው፤ የዕፅዋቱ አመላለስ ግን በተራ ነው። ዘራቸው በነፋስ የሚበተነው፣ ፊላን የመሰሉት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይደርሳሉ። ሰምጠው የሚኖሩት በአእዋፍ እግርና ሆድ ተጭነው ይመጣሉ፤ ውሃው በደለል ከደፈረሰ ግን ብርሃን ስለማያገኙ አይጸኑም። ከሁሉ ዘግይቶ የሚመለሰው ከፍ ያለው የቄጠማና የሣር ዳርቻ ነው፤ ምክንያቱም ማረሻው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ስለሚወርድ ሐይቁ ከፍ ዝቅ የሚልበት መሬት አልተተወለትም።

ውሃ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሲያቆም ምን እንደሚሆን ከሩቅ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአሜሪካና በካናዳ መካከል ያለው የኦንታሪዮ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ በግድብ ቁጥጥር ሥር ውሎ መጠኑ በጠባብ ክልል እንዲወሰን ተደረገ። ድርቀትም ጥልቅ ሙሌትም ሲጠፋ ፊላ ዳርቻውን ወረረ፤ የተለያዩ ዝርያዎች ይበቅሉበት የነበረው የቄጠማ መስክ ጠበበ። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 የተስማሙበት አዲስ የውሃ አስተዳደር ዕቅድ ሐይቁ በተወሰነ ደረጃ እንደ ተፈጥሮው እንዲዋዥቅ የሚፈቅድ ነው። የሐረማያ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ውሃው አልነቃነቅ ብሎ፣ እዚህ ከልክ በላይ ወርዶ፣ ሁለቱም ጋ የተጎዳው ያው የቄጠማው ቀበቶ ነው።

ወደ ታች፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወረድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ለአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ ከደጋው ሲዘንብ ግን በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ጎርፍ የዚህ ነው። እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር ፊላ ሥር መስደድ አይችልም፤ የሚጸናው ሥሩን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚያወርድ ዛፍ ነው። ፕሮሶፒስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በድሬዳዋ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ በኩል ወደ አገር እንደገባ የሚነገርለት ይህ ዛፍ ከዚያ ወዲህ አፋርን ወርሮ የግጦሽ መሬትና የወንዝ ዳር ሣር ነጥቋል። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ መተከሉን ያስታወሰ ሰው ዛሬ በጎሮ ሲያልፍ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።