ጣራ ምንድን ነው?

ጣራ ወይም ጣሪያ የምንለው ቤትን ከላይ ሸፍኖ ፀሐይና ዝናብ የሚከለክለውን የግንባታ ክፍል ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ይሁንና ጣራ ሁለት ገጽ አለው፤ ቤት ውስጥ ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ሰው አንዱን፣ ደጅ የቆመ ሰው ሌላውን ያያል። የቃሉ ፍቺዎችም ሆኑ ዘመዶቹ ቃላት በእነዚህ በሁለቱ እይታዎች ሲታዩ መልክ መልካቸውን ይይዛሉ።

ከውስጥ እንጀምር። ግእዝ የቤትን ጣራ ጠፈር ይለዋል። ዛሬ ጠፈር ሲባል መንኮራኩርና ሳተላይት ነው የሚታሰበን። ማቴዎስ 8፥8 ላይ ግን የመቶ አለቃው ጌታን «ኢይደልወኒ ከመ ትባእ ታሕተ ጠፈረ ቤትየ» ይለዋል፤ አማርኛው «በቤቴ ጣራ ከታች ልትገባ አይገባኝም» ይላል። ያው ጠፈር ዘፍጥረት 1፥6 ላይ ውኃን ከውኃ የሚለየው ሆኖ ይመጣል፤ «ለይኩን ጠፈር ማእከለ ማይ»። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎም ሰማይ ተብሎ ይሰየማል። አንዱ ቃል ለቤቱም ለዓለሙም ይበቃ ነበር ማለት ነው። አማርኛ ሥራውን ከፈለው፤ ለቤቱ ጣራን፣ ለላይኛው ጠፈርን ሰጠ። ጠፈርተኛ የሚለው የዘመናችን ቃል የተወለደው ከቤት ጣራ ስም መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ግእዝ ናሕስ የሚል ሌላ ስምም አለው፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ ናሕሲ እያለ ይጠቀምበታል።

ወደ ደጅ ስንወጣ ክዳንን እናገኛለን። ከደነ ማለት ሸፈነ ነው፤ የድስቱም የቤቱም ክዳን ከዚሁ ግስ ነው የወጣ። ክዳን በግእዝ ልብስም ነው፤ በትግርኛም እንዲሁ። የእኛ አናጺዎችም ቤቱን «ቆርቆሮ አለበስነው» ይላሉ። ቃል ኪዳን ውስጥ ያለው ኪዳን ግን ሌላ ሥር ስላለው ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ክዳንና ጣራ አንድ እንዳልሆኑ በደንብ የሚታየው የሣር ቤት ሲሠራ ነው። ወራጆቹ ከግድግዳው ጫፍ ተነሥተው አናት ላይ ይገናኛሉ፤ ማገሩ ዙሪያውን ያያይዛቸዋል። እስከዚህ ድረስ የጣራው አጥንት ቆሟል፤ ክዳን ግን ገና የለም። ሣሩ ከታች ከክፈፉ ተጀምሮ ወደ ላይ እየተደራረበ ይወጣል፤ የላይኛው ድርብ የታችኛውን ስለሚጋርድ ውኃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ከላይ ወደ ታች የተከደነ ሣር ውኃውን አፉን ከፍቶ ይቀበለው ነበር።

ምሳሌያዊ ፍቺዎቹም እንዲሁ በሁለት ይከፈላሉ። የዋጋ ጣራ፣ የብድር ጣራ፣ «ኑሮው ጣራ ነካ» ስንል የምናስበው ከውስጥ የሚታየውን፣ ከዚያ በላይ የማያሳልፈውን ወሰን ነው። ድምፁን ለቆ የሚስቅ ሰው «ከጣራ በላይ ሳቀ» የሚባለውም ያንን ወሰን ስላለፈ ነው። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ደጋ ምድር «የአፍሪካ ጣራ» ሲባል ትርጉሙ ከውጭ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ደጀን ማንንም አያግድም፣ ከአገሩ ተራሮች ሁሉ በላይ ቆሞ ይታያል እንጂ። «በአንድ ጣራ ሥር» በሚለው ደግሞ ጣራ የቤቱ ሁሉ ምትክ ነው።

የውስጡ ገጽ በኋላ የራሱን ስም አግኝቷል፤ ኮርኒስ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ፍቺው የግድግዳ ጫፍ ጌጥ ወይም የሥዕል ፍሬም ነው፤ አማርኛ ግን ከጣሪያው በታች ለሚዘረጋው ሽፋን ሁሉ ሰጠው። ልዩነቱ ክረምት ሲገባ ይጠቅማል። «ኮርኒሱ ረጠበ» እና «ጣሪያው ያፈሳል» የአንድ ችግር ሁለት ጫፎች ናቸው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ ውኃ እንጨቱን ተከትሎ ቁልቁል ከሄደ በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከእድፉ ትክክል አናት ላይ አይገኝም፤ ወደ ጣሪያው ከፍታ እየሄዱ መፈለግ ያስፈልጋል።