አልፋ ትዕዛዝ ምንድን ነው?

ድሬ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ልጅ ሁሉ ደጅ ነው። ያኔ ከየግቢው የሚሰማው ተመሳሳይ ነው፦ «አንተ ልጅ! አርፈህ ተቀመጥ! ስንቴ ልንገርህ?» ልጁ ዞር ብሎም አያይ። ከዚያ «ይሄ ልጅ አይሰማም» ይባላል። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ግን እስቲ ትዕዛዙን ራሱን እንየው፤ ልጁ በትክክል ምን አድርግ ተባለ?

አልፋ ትዕዛዝ የሚባለው ልጁ ሰምቶ ወዲያው ሊፈጽመው የሚችለው፣ መፈጸሙም በዓይን የሚታይ ትዕዛዝ ነው። ተቃራኒው ቤታ ነው፦ የተድበሰበሰ፣ የተደራረበ፣ ወይም ልጁ ገና ሳይንቀሳቀስ ወላጁ በሌላ ትዕዛዝ የሚያቋርጠው። ይህን አከፋፈል የምናገኘው ወላጆችን በማሠልጠን ከሚታወቀው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሬክስ ፎርሃንድና ከባልደረቦቹ ሥራ ነው።

«ጨዋ ሁን» ቤታ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጨዋነት ምን እንደሚመስል ከየት ያውቃል? «ኳሷን ይዘህ ግባ» አልፋ ነው። «አትሩጥ» ከማለት «ቀስ ብለህ ሂድ» ይሻላል፤ የመጀመሪያው የሚተወውን እንጂ የሚያደርገውን አይነግረውም። «ጫማህን አውልቅና እጅህን ታጠብና ወንድምህን ጠርተህ ናና ብላ» የሚለውን ደግሞ ትንሽ ልጅ ግማሹን እንኳ አይዘውም፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ነው። «ልብስህን ታነሳለህ?» ብለነው «አይ» ቢለን መቆጣት የለብንም። ጠየቅነው እንጂ አላዘዝነውም።

ርቀትም አለ። ከማድ ቤት ሆኖ መጮህ፣ ውጭ ባጃጅ እየጮኸ፣ ማንም አይሰማው። ጠጋ ብሎ፣ በስሙ ጠርቶ፣ ዓይኑን እያዩ፣ በተረጋጋ ድምፅ መናገር ነው። ከዚያ ዝም ማለት። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ዝምታ ነው። አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁ ይባላል፤ እኔ ግን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደግሜ፣ አንዴ አስፈራርቼ እጨርሳለሁ። ልጁ ለመነሳት ሲያስብ ሌላ ትዕዛዝ ይደርብበታል።

እዚህ ከተማ ይህ ነገር የቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ በደንገጎ ደጋ ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ታዲያ ልጅን «ደቻቱ ጋ ተጠንቀቅ» ብሎ መላክ ምን ማለት ነው? ምኑን ይጠንቀቅ? «በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ከአሸዋው ወጥተህ ወደ ቤት ና» ማለት ግን የሚደረግ ነገር ነው።

መንገሩ ብቻ አልበቃኝም። በደረቅ ቀን ልጄን ይዤ ወደ ደቻቱ ወረድኩና «ውጣ» ስል እንዲወጣ አለማመድኩት። መጀመሪያ ቆሞ አየኝ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ሮጦ ዳር ላይ ሲደርስ «ስጠራህ ወዲያው ወጣህ፣ ጎበዝ» አልኩት፣ እሱም «እንደገና እንሞክር» አለኝ።