አርማ 3 ላይ ሚሽን መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቼኩ ኩባንያ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ የጦርነት ቪዲዮ ጌሙን አርማ 3ን በ2013 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ሚሽን (ተጫዋቾች የሚጫወቱት የውጊያ ተልዕኮ) የሚሠራው ከላይ በሚታይ ካርታ ላይ ምልክት በማስቀመጥ ነበር። በ2016 የመጣው ኤደን ኤዲተር ወታደሩንም ዕቃውንም በ3ዲ፣ እዚያው መሬቱ ላይ ማስቀመጥ አስቻለ። ሥራው ሲቀል ሠሪው በዛ፤ የተሳሳተው ምክርም አብሮ በዛ።

«ፕሪቪው ላይ ከሠራ ሰርቨር ላይም ይሠራል»

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው። በፕሪቪው፣ ማለትም ከኤዲተሩ ብቻችሁን ስትሞክሩ ኮምፒውተራችሁ ሰርቨርም (ጨዋታውን የሚያስተናግደው) ተጫዋችም ስለሆነ ኮዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ዴዲኬትድ ሰርቨር (ለማስተናገድ ብቻ የቆመ፣ ማንም የማይጫወትበት ኮምፒውተር) ላይ ግን የአንድ ዕቃ ኢኒት ሳጥን (የመነሻ ኮድ መጻፊያ) ውስጥ የተጻፈ ኮድ በሰርቨሩም፣ በእያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተርም፣ ዘግይቶ በገባው ሰው ላይም ይሠራል። በጥይት ሳጥን ኢኒት «አድ ዌፖን ካርጎ ግሎባል» በሚለው ትዕዛዝ 5 ጠመንጃ ብትጨምሩ፣ 10 ተጫዋቾች ሲገቡ ሳጥኑ ውስጥ 55 ታገኛላችሁ። አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች አምስት አምስት ጨምረውበታልና። መፍትሔው ኮዱን «ኢዝ ሰርቨር» (ሰርቨር ከሆነ ብቻ) በሚለው ቅድመ ሁኔታ ማጠር ወይም ሰርቨሩ ብቻ ወደሚያስኬደው ኢኒት ሰርቨር ፋይል ማዛወር ነው።

ትሪገርም (ሁኔታ ሲሟላ ኮድ የሚያስነሳው) ያው ነው። በኤዲተር የተቀመጠ ትሪገር ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ጠላት የሚፈጥር ኮድ ከያዘ አንድ ቡድን ስትጠብቁ አሥራ አንድ ይመጣባችኋል። «ሰርቨር ኦንሊ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ይህን ስታደርጉ ግን ሌላ ወጥመድ አለ፦ «ሂንት» የሚባለው የስክሪን መልእክት የሚታየው ትዕዛዙ በሠራበት ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ መልእክቱ ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ ይቀራል። ለተጫዋቾች እንዲደርስ ትዕዛዝን በሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ በሚያስኬደው «ሪሞት ኤግዚክ» ላኩት። ሚሽኑን ከማጋራታችሁ በፊትም አንድ ሰው ከጀመራችሁ በኋላ ዘግይቶ እንዲገባ አድርጋችሁ ፈትሹ።

«ጠላት በበዛ ቁጥር ውጊያው ይከብዳል»

ቀድሞ የሚከብደው ለሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ ሲንገዳገድ ወታደሮቹ ዘግይተው ይተኩሳሉ፣ እንደ እንጨት ይቆማሉ፤ ውጊያው ይባስ ይቀላል። ከዚህም ሌላ አንድ ወገን ከ288 ቡድን በላይ ሊኖረው አይችልም፤ አባላቱ ያለቁበት ባዶ ቡድንም ካልተሰረዘ ይቆጠራል። በቡድኑ ቅንብር ውስጥ «ዲሊት ዌን ኤምፕቲ» የሚለውን አትርሱ። ለከባድ ውጊያ ሦስት በሚገባ የተቀመጡ ቡድኖች ሜዳ ላይ ከፈሰሱ አሥር ይሻላሉ። መስኮት ላይ ያቆማችሁት ወታደር ቦታውን ጥሎ እንዳይወርድ «ዲሴብል ኤአይ» በሚለው ትዕዛዝ «ፓዝ»ን (መራመዱን) አጥፉበት፤ መተኮሱንና መዞሩን አይተውም።

«ዳይናሚክ ሲሙሌሽንን ካበራሁ ጨረስኩ»

ይህ አማራጭ ከተጫዋቾች የራቀውን ያቀዘቅዛል። ሳይነካ ሲተው ርቀቱ ለእግረኛ 500 ሜትር፣ ሰው ላለበት ተሽከርካሪ 350፣ ለባዶ ተሽከርካሪ 250፣ ለተራ ዕቃ 50 ሜትር ነው። ለጦር ሰፈር ጠባቂዎች ግሩም ነው። ለኮንቮይ ግን መርዝ ነው፦ የቀዘቀዘ መኪና ዌይፖይንቱን (የጉዞ ነጥቦቹን) ስለማይከተል አድፍጣችሁ ብትጠብቁት አይመጣም። አነጣጣሪ ተኳሽ በ700 ሜትር የሚያያቸው ጠባቂዎችም እንደ ሐውልት የቆሙ ናቸው። ተንቀሳቃሹን ቡድን ከዚህ አውጡት፣ ወይም በአትሪቢዩትስ (በቅንብሩ) ውስጥ ርቀቱን ጨምሩ።

«ቦታው ነፃ መውጣቱን ለማወቅ ‘ኖት ፕረዘንት’ ይበቃል»

ይህ የትሪገር አማራጭ የሚሠራው በቦታው አንድም ጠላት ሳይኖር ሲቀር ነው። አንድ ጠላት ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ቢቀር ሚሽኑ አያልቅም፤ ተጫዋቾች ግማሽ ሰዓት ቤት ለቤት ሲያስሱ ይውላሉ። ትሪገሩን «ኤኒባዲ» (ማንም)፣ «ፕረዘንት» (ሲገኝ) አድርጉና በኮንዲሽን (የሁኔታ) ሳጥኑ ከ«ዚስ» (የትሪገሩ የራሱ ሁኔታ) ጎን በ«ካውንት ሳይድ» የጠላት ቁጥር ከ3 እንዲያንስ ጠይቁ። ከዚያ ታይማውቱን ጥቂት ሰከንድ ስጡት። ታይማውት ሁኔታው ሳይቋረጥ እንዲጸና ይጠይቃል፤ ካውንትዳውን ግን አንዴ ከጀመረ ሁኔታው ቢቀየርም ቆጥሮ ይጨርሳል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

«ኮድ የማያውቅ ሚሽን አይሠራም»

ይሠራል። «ክሪኤት ታስክ» እና «ሴት ታስክ ስቴት» የሚባሉት ሞጁሎች (የተዘጋጁ መሣሪያዎች) ከትሪገር ጋር በሲንክ (በማገናኛ) ሲያያዙ ተልዕኮ ለመስጠትና መሳካቱን ለማብሰር አንድም የኮድ መስመር አይጠይቁም። ለሪስፖውንም (የሞተ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ) በመልቲፕሌየር (የብዙ ተጫዋቾች) ቅንብር «ከስተም ፖዚሽን» መርጦ ካርታው ላይ ማርከር (ምልክት) ማስቀመጥ ይበቃል፤ የማርከሩ ስም ለብሉፎር (ለምዕራቡ ወገን) «ሪስፖውን» ብሎ በታች ሰረዝ «ዌስት» መሆን አለበት፣ ፊደል ሳይዛነፍ።