የቡችላ ሥልጠናና ማላመድ፦ በጅማ ግቢዎች ዓይን

የቡችላ ማሠልጠኛ ስሙ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነገር ነው። ሁለትና ሦስት ወር የሞላቸው ጥቂት ቡችሎች ከነባለቤቶቻቸው በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ። እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ የማያውቁት ሰው ያሻሻቸዋል፣ ሲጠሩ መምጣትና «ተቀመጥ» ሲባሉ መቀመጥ ይለምዳሉ። ከዚህ ሁሉ ትንሹ ጥቅም መቀመጣቸው ነው፤ ትልቁ በዚያ ዕድሜ መለማመዳቸው ነው።

ውሻ ሰውንና አካባቢውን ያለ ፍርሃት የሚለምድበት ጊዜ ከተወለደ በ3ኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና ከ12ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል። በአሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በተባለች ከተማ ተመራማሪዎች ቡችሎችን በታጠረ ሜዳ ከእናቶቻቸው ጋር አሳድገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ውጤት መሠረት፣ እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይቀርባቸው የቆዩት ከዚያ በኋላ እንደ አውሬ ሰው ይሸሹ ነበር። ያም ሆኖ ሥልጠና ለረጅም ጊዜ የሚጀመረው ውሻው ግማሽ ዓመት ሲሞላው፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። ቡችሎችን ያለ ገመድ እያጫወቱ ማሠልጠንን ያስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር ነው።

የጅማ ቡችላ እነዚያን ሳምንታት የሚያሳልፈው ብዙውን ጊዜ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ታስሮ ነው። ሌሊት ጅብ አለ፣ ሌባም አለ፤ ስለዚህ «ሰው ከለመደ ጥበቃ አይሆንም» ይባላል። ከግቢ አምልጦ ከወጣም መንገደኛው «ክድ!» ብሎ ድንጋይ ያነሣበታል። እንዲህ ያደገ ውሻ ኃይለኛ ይመስላል እንጂ ፈሪ ነው። የሚነክሰው ስለሚፈራ ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ አጥር የሚዘለውን ሌባና ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሠራተኛ አይለይም። ሰው የለመደው ውሻ ግን ሌሊት ኮሽታ ሲሰማ መጮሁን አይተውም። መጮህን ያስተማረው የለምና።

ንክሻን መመጠንም በዚሁ ዕድሜ የሚገኝ ትምህርት ነው። ሁለት ቡችሎች ሲተናነቁ አንዱ የሌላውን ጆሮ አጥብቆ ይይዛል፤ የተነከሰው ይጮኻል፣ ጨዋታውን ትቶ ዞር ይላል። ነካሹ ግራ ገብቶት ይቆማል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዳግም ይጋብዘዋል፤ በሁለተኛው ዙር አፉ ለስለስ ይላል። ብቻውን የታሰረ ቡችላ ይህን ከማንም አይማርም፤ የጥርሱን ጥንካሬ የሚያውቀው አድጎ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሕፃን እጅ ላይ።

ማላመዱ ደግሞ አገሩን መምሰል አለበት። የባጃጅ ድምፅ፣ አዛን፣ የቡና ሙቀጫ፣ ዣንጥላ የዘረጋ ሰው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የጅማ ዝናብ፦ ቡችላው እነዚህን አንድ በአንድ፣ ከሩቅ፣ እየበላ ቢሰማና ቢያይ ይበቃል። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ግን ሰው ላይ አለመንጠልጠልን ነው። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ጎረቤት ልብሱን ውሻ እንዲልስበት አይፈልግም፤ ነጭ ነጠላ የለበሰችም እናት እንዲሁ። ዘዴው ቁጣ አይደለም። እንግዳው ከበሩ ሲገባ ቡችላው ከዘለለ ፊቱን ያዞርበታል፤ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ የዳቦ ፍርፋሪ ያገኛል። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ካደረገ ቶሎ ይገባዋል፤ ልጆቹ በድብቅ እያስዘለሉ ካጫወቱት ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

የበሽታ ሥጋት እውነተኛ ነው። ፓርቮ የተባለው ቡችሎችን የሚገድል የአንጀት ቫይረስ በአፈር ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ሆኖም ክትባቱ እስኪያልቅ ቡችላን መዝጋት አይመከርም። የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች የሚሉት፣ ከ7 እስከ 8 ሳምንት የሞላው ቡችላ የመጀመሪያውን ክትባትና የትል መድኃኒት ከወሰደ ቢያንስ 7 ቀን በኋላ መሰልጠን ሊጀምር ይችላል ነው። የእብድ ውሻ ክትባት በተለምዶ በ3 ወር ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ ሦስት አራት ጎረቤታሞች የታመመ ውሻ ባልገባበት ግቢ ቡችሎቻቸውን ሊያገናኙ ይችላሉ። ገበያ ማሳየት የፈለገ ደግሞ መሬት ሳያስረግጥ በዘንቢል ይዞት ይውጣ፤ በጅማ መርካቶ ዳር ባለ ሻይ ቤት ጭኑ ላይ አስቀምጦት ሻዩን ቢጠጣ ለአንድ ቀን በቂ ትምህርት ነው።