በቤት ዕቃ ማስነበብ፦ ለጀማሪ ሕፃናት

በቤት ዕቃ ማስነበብ ሕፃናት የአማርኛን ፊደል በየዕለቱ በሚነኳቸው ነገሮች ስም የሚለማመዱበት ዘዴ ነው። በመዋዕለ ሕፃናትም በቤትም ይሠራበታል።

በኢትዮጵያ ለዘመናት ንባብን የተሸከመው የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ገበታው ላይ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ» ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ያልፋል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን ይዘልቃል። ይህን ያህል ጽኑ መሠረት የጣለ ሌላ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ረድፉን በዜማ የያዘ ልጅ «ሎ»ን ለብቻዋ ሲያያት ከ«ለ» ጀምሮ ካልቆጠረ አይለያትም። ነባሮቹ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ረድፉን የሚያናጋው አቡጊዳም ለዚሁ የተበጀ ነው ይባላል። 

33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ሁሉም እስኪያልቁ ቃል ማንበብን ማቆየት ልጁን ያሰለቻል። ስለዚህ ፊደል የሚጋሩ ዕቃዎች ይመረጣሉ፦ ቆሎና ሎሚ «ሎ»ን፣ ሻማ፣ ማርና ጫማ «ማ»ን፣ ቡና፣ ሳሙናና ጀበና «ና»ን ይጋራሉ። በአንድ ጊዜ ሦስት ዕቃ ይበቃል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካለፈ ሐሳባቸው ይበተናል።

ልጁ ዕቃውን ይዞ ስሙን ይጠራል፤ በየድምፁ ያጨበጭባል፦ ሎ፣ ሚ። ቃሉ በመዳፍ ስፋት ካርቶን ላይ በደማቁ ይጻፍና ያነበዋል። ካርቶኑ በየፊደሉ ተቆርጦ ይደባለቃል፤ ልጁ መልሶ ይገጥመዋል። መጨረሻ ላይ ዕቃው ይሸፈናል፤ ካርቶኑ ብቻ ይነበባል። ይህ ደረጃ ፈጽሞ መዘለል የለበትም። ካርቶኑ ጣሳው ላይ ተለጥፎ ከቀረ ልጁ የሚያነበው ጣሳውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ሰ እና ሸ፣ ጠ እና ጨ፣ ደ እና ጀ በትንሽ ምልክት ብቻ ስለሚለያዩ በአንድ ሳምንት አይገናኙ፤ ሲኒ ከሻማ፣ ጣሳ ከጫማ ጋር የማይቀርበው ለዚህ ነው። ስድስተኛው ቤት፣ ሳድስም፣ ያስቸግራል፦ በ«ክር» ውስጥ ክ ድምፅ ይዞ ሲነበብ ር ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ እንደ ሎሚና ዶሮ ያሉት ይቀድማሉ፤ ማርና በር ይከተላሉ፤ ድስትና ቁልፍ ይቆያሉ።

ዕቃው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በማጥበቅና በማላላት ላይ ነው። ጽሕፈታችን ይህን አያሳይም። ልጁ ቡ እና ና አላልቶ ሲያነብ ትርጉም የሌለው ድምፅ ይሰማል፤ ፍሬውን ሲያይ ግን ራሱ አጥብቆ ያርመዋል። ዳቦና ጫማም እንዲሁ። ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ ለሚለያየው «ገና» ግን ዕቃ ስለማይገኝ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀርባል።

እንደ ሰ እና ሠ ያሉ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ለጀማሪ ግን ሰዓትና ፀሐይ እንደ ቋ እና ጓ ያሉ ዲቃላ ፊደላት ካሉባቸው ከነቋንጣና ጓዳ ጋር ለሁለተኛው ዙር ይተላለፋሉ።